ከብዕር ቀለም እስከ ኮምፒውተር፦ አንጎልን የመገልበጥ ጥናት አጭር ታሪክ

አማርኛችን የማሰብን ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሰጠው ለልብ ነው። አስተዋዩን ሰው «ልባም» እንለዋለን፤ የማያስተውለውን «ልበ ቢስ» እንለዋለን፤ «አስተውል» ለማለት ስንፈልግም «ልብ በል» እንላለን። በዚህ ረገድ ብቻችንን አይደለንም። የጥንት ግብፃውያን አስከሬን ሲያደርቁ ልብን በክብር በደረት ውስጥ እየተዉ አንጎልን ግን በአፍንጫ በኩል አውጥተው ይጥሉት ነበር። ታላቁ የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትልም አንጎል የሰውነትን ሙቀት የሚያቀዘቅዝ አካል መሆኑን እንጂ የሐሳብ ምንጭ መሆኑን አላስተማረም።

የሰው ልጅ የሐሳቡ፣ የትዝታውና የስሜቱ ማደሪያ አንጎል መሆኑን ከተቀበለ በኋላም ቢሆን የዚህን አካል አሠራር ለማወቅ የተጓዘበት መንገድ ረጅምና አድካሚ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጥያቄው ከማወቅ አልፎ ሄዷል። ይኸውም በራስ ቅል ውስጥ የተሸሸገው ይህ አካል ሕዋስ በሕዋስ፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ተመዝግቦ በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ሊሠራ ይችላልን? የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአሁኑ ጊዜ በየቢሮውና በየቤቱ የሚነገርላቸው፣ ሲጠይቋቸው የሚመልሱ ኮምፒውተሮች ከነርቭ ሕዋሳት አሠራር አንድ ሐሳብ ተውሰዋል እንጂ የማንም ሰው አንጎል ግልባጭ አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ጥናት ከዚያ የተለየ ነው። ተፈጥሮ የሠራችውን እንዳለ ለመገልበጥ የሚደረግ ጥረት ነው። ጥረቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ለምንስ ሊበረታታ እንደሚገባው ለመመርመር እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በወጥ ቤት የተገኘው ጥቁር ቀለም

በ1873 ካሚሎ ጎልጂ የተባሉ ኢጣሊያዊ ሐኪም በሚላኖ አቅራቢያ በምትገኘው በአቢያቴግራሶ ከተማ፣ ፈውስ የሌላቸው ሕሙማን በሚጦሩበት ሆስፒታል ውስጥ ያገለግሉ ነበር። ሆስፒታሉ የምርምር ክፍል ስላልነበረው ሐኪሙ አንዲት ወጥ ቤት ወደ ላቦራቶሪነት ለውጠው በሻማ ብርሃን ይሠሩ ነበር። የዘመኑን ተመራማሪዎች ሁሉ ያስቸገራቸው ነገር አንድ ነበር። የአንጎል ሕዋሳት እጅግ ከመብዛታቸውና እርስ በርስ ከመወሳሰባቸው የተነሣ ሁሉም በቀለም ቢነከሩ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ካልተነከሩም ምንም አይታይም። ጎልጂ የአንጎልን ቁራጭ በፖታሲየም ዳይክሮሜት ውስጥ ካቆዩ በኋላ በሲልቨር ናይትሬት ሲነክሩት ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ተመርጠው ከነቅርንጫፋቸው ጠቆሩ፤ በቢጫ መደብ ላይ እንደ ተሣለ ዛፍም ጎልተው ታዩ።

ጎልጂ መሣሪያውን አገኙ፤ መሣሪያው ያሳየውን ግን በትክክል ያነበቡት ሌላ ሰው ናቸው። እርሳቸውም ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ይባላሉ። በ1852 በስፔን የተወለዱት ካሃል በልጅነታቸው የተመኙት ሰዓሊነትን እንጂ ሐኪምነትን አልነበረም። ሐኪም የነበሩት አባታቸው ግን ሥዕልን እንጀራ የማያበላ ሥራ አድርገው ስለ ቆጠሩት ልጁን ከቀለምና ከወረቀት ለዩት፤ አደብ እንዲገዛም አንድ ጊዜ ለፀጉር አስተካካይ፣ ሌላ ጊዜ ለጫማ ሠሪ ረዳት አድርገው ሰጡት። በመጨረሻ አባትና ልጅን ያስታረቃቸው አጥንት ነው። አባትየው ከአሮጌ መቃብር ስፍራ የተሰበሰቡ አጥንቶችን እያሳዩ የሰውን አካል አቋም ሲያስተምሩት ልጁ ያንኑ እያየ ይሥል ጀመር። የተከለከለው ሥዕል በሕክምና በር ተመልሶ ገባ።

ካሃል የጎልጂን ዘዴ ያዩት በ1887 ነው። በማግስቱ ዓመት በባርሴሎና ሆነው የጫጩትና የሌሎች እንስሳትን አንጎል በዚሁ ዘዴ ሲመረምሩ ከዓይናቸው ያልተሰወረ አንድ ነገር አገኙ። ጎልጂን ጨምሮ ብዙዎቹ ሊቃውንት የነርቭ ክሮች እርስ በርስ ተዋሕደው አንድ ያልተቋረጠ መረብ እንደሚሆኑ ያምኑ ነበር። ካሃል ግን የእያንዳንዱ ሕዋስ ክር ከጎረቤቱ አጠገብ ደርሶ እንደሚያበቃና ከእርሱ ጋር እንደማይዋሐድ አዩ። ያዩትን በብዕር ሥለው፣ ሥዕሉን በራሳቸው ገንዘብ ባቋቋሙት፣ በየሦስት ወሩ በሚወጣ መጽሔት ላይ አተሙ። የታተመው ስድሳ ቅጂ ብቻ ነበር። በ1889 ማይክሮስኮፓቸውንና የሠሩትን ሁሉ ይዘው ወደ በርሊን ጉባኤ ሄዱ። በዚያም የዘመኑ የሥነ ሕዋስ ታላቅ ሊቅ የነበሩት አልበርት ፎን ኮሊከር በዓይናቸው አይተው አመኑላቸው።

በ1906 የኖቤል ሽልማት ለጎልጂና ለካሃል በጋራ ተሰጠ። ጎልጂ በንግግራቸው የመረቡን ሐሳብ ደግፈው የካሃልን ግኝት ተቃወሙ፤ በማግስቱ ካሃል ተነሥተው የተቃራኒውን አስረዱ። አንድን ሽልማት የተካፈሉት ሁለት ሰዎች በዋናው ጉዳይ ላይ ሳይስማሙ ተለያዩ።

የዚህ ክርክር ውጤት ለርእሳችን መሠረት ነው። አንጎል ያልተቋረጠ አንድ መረብ ቢሆን ኖሮ የሚቆጠርና የሚመዘገብ ነገር አይኖረውም ነበር። ከተለያዩ ሕዋሳት የተሠራ ከሆነ ግን ሕዋሳቱ ይቆጠራሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝም ይጻፋል። የሚጻፍ ነገር ሁሉ ደግሞ ሊገለበጥ ይችላል።

በእጅ የተዞረው የስሌት መኪና

ሥዕሉ የሕዋሱን መልክ አሳየ፤ ሥራውን ግን አላሳየም። በነርቭ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚተላለፍ ከሉዊጂ ጋልቫኒ የእንቁራሪት ሙከራ ጀምሮ ይታሰብ ነበር። ይሁን እንጂ የነርቭ ክር ከፀጉር የቀጠነ በመሆኑ ከውስጡ ገብቶ ለመለካት አልተቻለም። መፍትሔው የተገኘው ከባሕር ነው። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ከጠላት በፍጥነት ለማምለጥ የሚያገለግለው አንድ ወፍራም የነርቭ ክር አለው። የክሩ ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህንንም በ1936 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቁት ጆን ዛካሪ ያንግ ናቸው።

አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1939 በፕሊመዝ የባሕር ላቦራቶሪ በዚህ ክር ውስጥ ቀጭን የመለኪያ ሽቦ አስገብተው የምልክቱን ኃይል ለኩ። ወዲያው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመነሣቱ ሥራቸው ለዓመታት ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው የሶዲየምና የፖታሲየም ቅንጣቶች በክሩ ሽፋን በኩል እንዴት እንደሚገቡና እንደሚወጡ መረመሩ፤ በ1952ም ሒደቱን በሒሳብ ቀመር ገልጸው አሳተሙ።

ቀመሩ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ተሰልቶ ውጤቱ ከሕያው ነርቭ ጋር ሲመሳከር ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ ነገር ግን በመሻሻል ላይ ስለ ነበር ለወራት አገልግሎት አልሰጠም። ሀክስሊ ኮምፒውተሩን ከመጠበቅ ይልቅ በእጅ በምትዞር የስሌት መኪና ተቀምጠው እጀታዋን ያዞሩ ጀመር። በክሩ ላይ የሚጓዝ አንድን ምልክት ለማስላት ሳምንታት ፈጀባቸው። በሕያው ነርቭ ላይ ግን ያው ምልክት የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ሺሐኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ስሌቱ ምልክቱ በሰከንድ 18.8 ሜትር ይጓዛል አለ። በስኩዊዱ ክር ላይ የተለካው 21.2 ሜትር ነበር። ቁጥሮቹ ፍጹም አንድ ባይሆኑም ተቀራረቡ። ስለዚህ በታሪክ የመጀመሪያው በስሌት የተመሰለ ነርቭ የሠራው በሰው ክንድ ጉልበት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ሁለቱ ሊቃውንት በ1963 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ከዚያ አስቀድሞ በ1943 ዋረን ማካለክና ዋልተር ፒትስ የተባሉ አሜሪካውያን የነርቭ ሕዋሳት መረብ የሎጂክን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል በጽሑፍ አሳይተው ነበር። የኮምፒውተርን አቋም ከነደፉት አንዱ የሆኑት ጆን ፎን ኖይማንም በሕይወታቸው መጨረሻ አንጎልንና ኮምፒውተርን የሚያነጻጽር ሥራ ጀምረው ሳይፈጽሙት በ1957 ዐረፉ፤ ሥራው በተከታዩ ዓመት መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በዚህ ሁኔታ ሁለቱ ጅረቶች፣ ማለትም የነርቭ ጥናትና የኮምፒውተር ጥበብ ተገናኙ።

የአንዲት ትል አእምሮ

አንድን ሕዋስ ማስላት ከተቻለ ቀጣዩ ጥያቄ ሙሉ የነርቭ ሥርዓትን መመዝገብ ይቻላል ወይ? የሚል ነው። በካምብሪጅ የሞለኪውላዊ ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ሲድኒ ብሬነር በ1963 ለዚህ ጥያቄ ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር የሆነችውን፣ በአፈር ውስጥ የምትኖረውንና ገላዋ ብርሃን የሚያስተላልፈውን ትል መረጡ። የዚህች ትል የነርቭ ሕዋሳት 302 ብቻ ናቸው።

ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደ። ኒኮል ቶምሰን ትሏን እጅግ ስስ በሆኑ በሺሕ የሚቆጠሩ ቅጠሎች እየቆራረጡ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። አይሊን ሳውዝጌት የእያንዳንዷን ክር ጉዞ ከፎቶግራፍ ወደ ፎቶግራፍ እየተከታተሉ በቀለም ብዕር ምልክት ያደርጉ ነበር። ጆን ዋይት ሁሉንም አገጣጠሙ። በኮምፒውተር ለመታገዝ ሙከራ ቢደረግም የዘመኑ ኮምፒውተር አቅሙ ስላልፈቀደ አብዛኛው ሥራ የተሠራው በእጅና በዓይን ነው። በ1986 በ340 ገጽ የታተመው ውጤት «የአንዲት ትል አእምሮ» በሚለው አጭር ስሙ ይታወቃል። ከ5,000 የማያንሱ የሕዋሳት መጋጠሚያዎች ተመዘገቡበት።

እንግዲህ ከ1986 ጀምሮ የትሏ መጽሐፍ በእጃችን አለ። ነገር ግን ትሏ የምታደርገውን ሁሉ የሚያደርግ የኮምፒውተር ግልባጭ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ2011 ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ፈቃደኞች ይህንኑ ለመሥራት ተነሥተው ብዙ ቢደክሙም ሥራው ገና አላለቀም።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ አገራችን የቀለም ትምህርት ቤት መለስ ማለት ይጠቅመናል። ቁም ጸሐፊ አንድን ብራና ፊደል ሳይዛነፍ ሊገለብጥ ይችላል፤ መገልበጡ ግን ምስጢሩን ማወቁን አያረጋግጥም። ንባብ ሌላ፣ ትርጓሜ ሌላ ነው። የዜማ መጽሐፍም ከቃላቱ በላይ ጥቃቅን ምልክቶች ተጽፈውበታል፤ ዜማውን ከመምህር አፍ ሰምቶ ያልተማረ ሰው ግን ምልክቱን ብቻ አይቶ ሊያዜም አይችልም። የትሏም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ተጽፏል፤ ግንኙነቱ የበረታ ወይም የላላ፣ የሚያነሣሣ ወይም የሚያረጋጋ መሆኑን ግን የመስመሩ ሥዕል ብቻውን አይናገርም። ከመጋጠሚያ ውጭ በሰውነቷ ውስጥ እየተሰራጩ ሕዋሳትን የሚያዙ ኬሚካሎችም በሥዕሉ ላይ የሉም። ፊደሉ ተገልብጧል፤ ዜማው ግን ገና አልተሰማም።

ታላቁ ተስፋና ያስከተለው ቅሬታ

በ2005 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ሄንሪ ማርክራም የሚመሩት ጥናት ተጀመረ። ዓላማው የአይጥን፣ በኋላም የሰውን አንጎል በግዙፍ ኮምፒውተር ላይ ማሠራት ነበር። ማርክራም በ2009 ባደረጉት ንግግር የሰውን አንጎል በአሥር ዓመት ውስጥ መሥራት እንደሚቻል ተናገሩ። በ2013 የአውሮፓ ኅብረት ለአሥር ዓመት የሚቆይና እስከ አንድ ቢሊዮን ዩሮ ሊወጣበት የታሰበ የሰው አንጎል ጥናት ዕቅድ አጸደቀ።

ብዙ ሳይቆይ ቅሬታ ተነሣ። በሐምሌ 2014 ብዙ የነርቭ ሳይንስ ምሁራን ለአውሮፓ ኮሚሽን ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ዕቅዱ ጠባብ ነው፣ አመራሩም ግልጽነት ይጎድለዋል የሚል ነበር፤ ፈራሚዎቹም ከጊዜ በኋላ በመቶዎች ተቆጠሩ። በተከታዩ ዓመት አመራሩ እንዲለወጥ ተደረገ፤ ዓላማውም መላውን አንጎል ከማሠራት ይልቅ ለተመራማሪዎች የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን ወደ ማዘጋጀት ዞረ። የሎዛኑ ቡድን በ2015 ያሳተመው ታላቅ ሥራ የአይጥ አንጎልን ቅንጣት የሚመለከት ሲሆን፣ በኮምፒውተር የተመሰሉት ሕዋሳት 31,000 ያህል ነበሩ። የአውሮፓው ዕቅድ በ2023 ሲፈጸም ዝርዝር የአንጎል ካርታ፣ ለአንጎል ጥናት የተሠሩ ልዩ ኮምፒውተሮችና የጋራ የመረጃ ማእከል ትቶ አለፈ። የሰው አንጎል ግን በኮምፒውተር ላይ አልሠራም።

ከዚህ ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ሊወሰዱ ይችላሉ። አንደኛው «ገንዘቡ ባከነ» ማለት ነው፤ የተገኘውን ጥቅም ይክዳል። ሁለተኛው «ትንሽ ገንዘብ ቢጨመር ኖሮ ይሳካ ነበር» ማለት ነው፤ የተፈጥሮን ውስብስብነት ይንቃል። ታሪኩ የሚያስተምረው ሌላ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ቀን ቆርጦ ተስፋ መስጠት ጥናቱን አያፋጥንም፤ ተስፋው በተጓደለ ጊዜ ግን ጥናቱንና ተመራማሪዎቹን በሕዝብ ፊት ያሳጣል።

ዝንቧና ከዚያ በኋላ

በሌላ በኩል ድምፅ ሳያሰማ ሲካሄድ የነበረው የምዝገባ ሥራ ፍሬ አፈራ። በጥቅምት 2024 የአንዲት አዋቂ የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ የአንጎል ካርታ ታተመ። ቁጥራቸው 139,255 የሆነ የነርቭ ሕዋሳትና 50 ሚሊዮን ያህል መጋጠሚያዎች ተመዘገቡ። ክሮቹን ከፎቶግራፍ ወደ ፎቶግራፍ የተከተለው ኮምፒውተር ነው፤ ስሕተቱን ያረሙት ግን ከመላው ዓለም የተባበሩ ተመራማሪዎችና ፈቃደኞች ናቸው። የእርማቱ ሥራ ብቻ የአንድ ሰው የ33 ዓመት ድካም ያህል እንደሚሆን ተገምቷል።

ከዚህ ካርታ የተነሡ ተመራማሪዎች የዝንቧን አንጎል ቀለል ባለ ቀመር በኮምፒውተር አሠሩት። ጣፋጭ የሚቀምሱትን ሕዋሳት በኮምፒውተሩ ላይ ሲያነሣሡ ምልክቱ በመረቡ ውስጥ ተጉዞ የዝንቧን የምግብ መምጠጫ የሚያንቀሳቅሱትን ሕዋሳት ቀሰቀሰ። ይህንንም በሕያው ዝንብ ላይ አመሳክረው ብዙው ትንቢታቸው ትክክል ሆኖ አገኙት። ከትሏ መጽሐፍ በኋላ ብዙ ዓመት የተጠበቀው ዜማ ጥቂቱ ተሰማ ማለት ነው።

ቢሆንም ርቀቱን መርሳት አይገባም። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ይህም ከዝንቧ 600,000 ጊዜ ይበልጣል። በ2024 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር የሚያህል፣ ከምስር ፍሬ የሚያንስ የሰው አንጎል ቅንጣት መዝግበው 57,000 ያህል ሕዋሳትና 150 ሚሊዮን ያህል መጋጠሚያዎች አገኙበት። የዚያ ቅንጣት መረጃ ብቻ 1.4 ሚሊዮን ጊጋባይት ሆነ። መላው አንጎል ከዚህ ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ በራሳችን ውስጥ የሚካሄደው ደግሞ 20 ዋት በምታህል፣ ደብዛዛ አምፑል በምታበራ ኃይል ነው።

ለማን ይጠቅማል?

ያ የአንጎል ቅንጣት የተገኘው የሚጥል በሽታ ከነበረባት ሴት በቀዶ ሕክምና ጊዜ ነው። ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በአገራችን በሚጥል በሽታ የወደቀን ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት የተለመደ ነው። እሳት ላይ፣ ውሃ ላይ የወደቁትን፣ በበሽታቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታና ከማኅበር የተገለሉትን የማያውቅ የለም። በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ ቪክቶር ዪርሳና የሥራ ባልደረቦቻቸው የታማሚውን አንጎል በኮምፒውተር መስለው፣ በሽታው ከየትኛው ስፍራ እንደሚነሣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ለመለየት ሲጥሩ ቆይተዋል። በ2019ም በብዙ ሆስፒታሎች ሙከራ ተጀመረ። ይህ ሞዴል ሕዋስ በሕዋስ የተገለበጠ አንጎል አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉው ግልባጭ ከመድረሱ በፊት መንገዱ ራሱ ሕሙማንን ሊረዳ እንደሚችል ያሳያል። ጥናቱ ሊበረታታ የሚገባበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሰው ራሱን ለማወቅ ያለው ፍላጎት ነው። ብራናው አርጅቶ ቢያልቅ መጽሐፉ በአዲስ ብራና ላይ ይኖራል። የሰው አእምሮስ መጽሐፉ ነው ወይስ ብራናው? አንድ ቀን የሰው አንጎል ቢገለበጥ፣ ግልባጩ ያ ሰው ነውን? ቢሰቃይ ስቃዩ እውነተኛ ነውን? ባለቤቱ ማን ይሆናል? ማንስ ያጠፋዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ለሐኪምና ለመሐንዲስ ብቻ የሚተዉ አይደሉም። ደራሲው፣ ሰዓሊው፣ የቴያትር ሰውና መምህሩ ጊዜው ሳይደርስ ሊወያዩባቸው ይገባል። ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ውይይት ውሳኔ አያስለውጥምና።

«ይህ የሀብታም አገሮች ሥራ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱን ታሪኩ ራሱ ይሰጣል። ጎልጂ የሠሩት በወጥ ቤት ነው። ካሃል በግል ገንዘባቸው ስድሳ ቅጂ አሳተሙ። ሀክስሊ ኮምፒውተር ሲጠፋ እጀታ አዞሩ። ሳውዝጌት የቀለም ብዕር ይዘው ተቀመጡ። ዛሬ ደግሞ የዝንቧ የአንጎል ካርታ ለማንም ሰው በነፃ ክፍት ነው፤ አንድ ኮምፒውተርና የኢንተርኔት መስመር ያለው መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሊመረምረው ይችላል። የጎደለው ግዙፍ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ትዕግሥት የለመደ ዓይን ነው። ይህን ዓይን የሚያሠለጥነው ደግሞ የሥዕል ትምህርት ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ሥዕል እንደ ትርፍ ነገር ሲታይ የካሃልን አባት ስሕተት እየደገምን መሆናችንን መገንዘብ አለብን።

ስለዚህ የባዮሎጂ መምህር ተማሪዎቹ በማይክሮስኮፕ ያዩትን በእጃቸው እንዲሥሉ ያድርግ። የሥዕል መምህርም ደጁን ለሳይንስ ይክፈት። የቋንቋ ሰዎች ለዚህ አዲስ እውቀት የሚስማሙ ቃላት ያብጁለት። በየደረጃው ኃላፊነት ያለባቸው ወገኖችም ፍሬው ነገ ካልታየ ብለው የወጣት ተመራማሪን ሥራ አያቋርጡ። ትሏን ለመመዝገብ ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደ፤ የሰውን አንጎል ለመመዝገብ የሚፈጀውን ጊዜ ዛሬ የሚቆርጥ ሰው በ2009 የተቆረጠው የአሥር ዓመት ቀጠሮ እንዴት እንዳለፈ ያስታውስ። አባቶቻችን ማሰብን ለልብ በሰጡ ጊዜ የሐሳብን መኖሪያ ስፍራ ተሳስተው ሊሆን ይችላል። «ልብ በል» ያሉት ምክር ግን ለዚህ ጥናት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ነው።